የተመራጭን ሳምንት ለነዋሪ ለማካፈል የወጣ አዋጅ

ስማ! ስማ! ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

እኛ ሥዩማነ ወረፋ፣ ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት በር እስከ ባሕር ዛፉ ጥላ ድረስ የተዘረጋን የመካነ ሰላምና የዙሪያዋ ደጋ፣ ወይና ደጋና ቆላ ነዋሪዎች፤

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ሕዝቡ በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዘዘ በመሆኑ፣ እኛም እስከዛሬ በቀጥታ የተሳተፍነው በሰልፍ ብቻ በመሆኑ፤

በአንቀጽ 12 ሕዝብ በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ባጣ ጊዜ ከቦታው ሊያነሳው እንደሚችል የተደነገገ ቢሆንም፣ ሰውን ከቦታው ለማንሳት አስቀድሞ ቦታው ላይ ማግኘት ግድ ስለሚል፤

የገበሬ ማኅበር በአዋጅ ቁጥር 31/1967 ቢያንስ በ20 ጋሻ መሬት ላይ ሲቋቋም አቤት የምንለው ለአንድ ሊቀመንበር የነበረ ሲሆን፣ በ2000 ዓ.ም. የአካባቢ ምርጫ የቀበሌ ምክር ቤት እስከ 300 ወንበር ሲሰፋ ደግሞ «እኔ አይደለሁም፣ እሱን ጠይቁት» የሚል 300 አፍ ስለገጠመን፤

በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. የተመረጡት የአካባቢ ምክር ቤቶች ዘመናቸው 5 ዓመት ሆኖ ሳለ፣ የ2010ሩ ምርጫ ተራዝሞ፣ በ2013ቱ አገራዊ ምርጫም የወረዳና የቀበሌ ኮሮጆ ሳይመጣ ቀርቶ፣ ዘመኑ ክረምት ጭቃ ላይ እንደተያዘ አይሱዙ ባለበት እየተሽከረከረ በመሆኑ፤

የሚከተለው ታውጇል።

ክፍል አንድ
ጠቅላላ ድንጋጌዎች

1. አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ «የተመራጭ ሳምንት አዋጅ ቁጥር 1/ነገ ና» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል።

2. ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር በዚህ አዋጅ ውስጥ፦

1) «ተመራጭ» ማለት ደመወዝ የሌለው፣ ስብሰባ የማያልቅበት፣ ሞፈሩን ሳይጥል የሚያገለግል የቀበሌ ምክር ቤት አባል ነው፤

2) «ወረዳ» ማለት ሲጠራ የሚኬድበት፣ ሲጠሩት የማይመጣ አካል ነው፤

3) በወንድ ፆታ የተገለጸው ሴትንም ያካትታል። ሆኖም ሴት ተመራጭ ከስብሰባ መልስ እንጀራ የምትጋግረውም፣ ውሃ የምትቀዳውም ራሷ ስለሆነች የእሷ ሳምንት 8 ቀን ሆኖ ይቆጠራል።

3. የተፈጻሚነት ወሰን

አዋጁ ከዓባይ በረሃ አፋፍ ጀምሮ እስከ ለጋምቦ ድንበር ተፈጻሚ ይሆናል። የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ጭላዳዎች ግን በመቶ ሆነው ገደል አፋፍ ላይ ከተሰበሰቡ በኋላ፣ ያለ ቃለ ጉባኤና ያለ አበል፣ በሰዓቱ ወደ ግጦሽ ስለሚሰማሩ ከዚህ አዋጅ ነጻ ናቸው። ልምዳቸውን እንዲያካፍሉ ግን ሊጋበዙ ይችላሉ።

ክፍል ሁለት
የሳምንቱ አከፋፈል

4. ሰኞ

ሰኞ በነባሩ ልማድ የሪፖርት ቀን ነው። የተሠራ እርከን በሜትር፣ የተቆፈረ የኮምፖስት ጉድጓድ በቁጥር፣ የተሰበሰበ መዋጮ በብር ተሞልቶ ወደ ላይ ይላካል። ቅጹ ላይ «የቀረበ ቅሬታ» የሚል ረድፍ አለ፤ ተመራጩ እሱጋ ሲደርስ «የለም» ብሎ ይሞላል። እኛ በር ላይ ቆመን በመስኮት እያየነው ነው የሚሞላው። ከእንግዲህ ያ ረድፍ በተመራጩ እጅ አይሞላም። ወረቀቱ ወደ ሰልፉ ይወጣና ከፊተኛው እስከ ኋለኛው ሰው እየተቀባበልን እንሞላዋለን። ወረቀቱ ካነሰ ጀርባው አለ።

5. ማክሰኞ

1) ማክሰኞ የወረዳ ስብሰባ ቀን ነው። ጥሪው «አስቸኳይ» ስለሚል ተመራጩ ሌሊት ተነስቶ በእግሩ ይገሰግሳል፤ 3 ሰዓት የተባለው ግን 6 ሰዓት ይጀመራል። ምክንያቱም እንግዳው ከደሴ ነው የሚመጡት፤ ጉጉፍቱ ላይ ጉም፣ አቀስታ ላይ ደግሞ ሻይ ይይዛቸዋል።

2) በዚህ አዋጅ መሠረት ስብሰባ በተባለበት ሰዓት ካልተጀመረ ተሰብሳቢው በነጻ ይበተናል። ሰብሳቢው ለብቻው ተሰብስቦ፣ ለብቻው ተወያይቶ፣ በሙሉ ድምፅ ሊያጸድቅ ይችላል፤ ውጤቱ ከወትሮው አይለይም።

6. ረቡዕ

ረቡዕ የመስክ ቀን ነው። በጥርና በየካቲት ተፋሰስ ሲሠራ እንግዳ ከመኪና ወርዶ አንድ ድንጋይ አንስቶ ፎቶ ይነሳል። ከእንግዲህ ፎቶ የተነሳ ሰው ያነሳውን ድንጋይ እርከኑ ላይ ሳያስቀምጥ መኪና ውስጥ አይገባም። ተመራጩም እንግዳ ሲያስተናግድ ከሚውል፣ በልግ ዘንቦ ዘር ላጣው ገበሬ ዘር የት እንደደረሰ ይጠይቅ። በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም እርሻ እንደማይገባ እየታወቀ በዚያው ቀን «የአርሶ አደሩ ተሳትፎ አነስተኛ ነበር» ብሎ መጻፍ ክልክል ነው።

7. ሐሙስ

1) ሐሙስ የማህተም ቀን ነው። ለአዋጁ አስረጂ ይሆን ዘንድ አንድ ሐሙስ እንደሚከተለው ተያይዟል።

አንዲት እናት ከዓባይ ቆላ ጀንበር ሳትወጣ ተነስተው፣ አቀበቱን ጨርሰው፣ በር ላይ ደረሱ። የመጡት የልጅ ልጃቸው ስም ጤና መድን ደብተር ላይ እንዲገባ ነው። ደብተሩን ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው በሁለት እጃቸው ዘረጉት።

«ልጄ፣ ማህተሙ አለ?»

«ማህተሙስ አለ እናቴ። ሊቀመንበሩ ናቸው የሌሉት።»

«እና ማህተሙ የት ነው?»

«ሊቀመንበሩ ኪስ።»

«እሳቸውስ?»

«ስብሰባ ናቸው።»

«የምን ስብሰባ ነው እሱ?»

«የመልካም አስተዳደር።»

«እሰይ! አላህ ይጨምርበት። ወደኛ ሲመጣ ታዲያ በየት በኩል ነው የሚመጣው? እኔ በቆላው በኩል ነኝ።»

2) ስለዚህ ማህተሙ ከኪስ ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ በሰንሰለት ይታሰራል። ስብሰባ የተጠራው ሰውዬው ነው፤ ማህተሙ ጥሪ አልደረሰውም።

8. አርብና እሁድ

አርብ ከጁምዓ፣ እሁድ ከቅዳሴ ሕዝብ ሲወጣ ተመራጩ ጉብታ ላይ ወጥቶ ስለ መዋጮ ማሳሰቢያ መናገሩ የቆየ ልማድ ነው። መንግሥት የኛን መገኛ የሚያውቀው በመዋጮ ጊዜ ብቻ መሆኑ ይበቃል። ከእንግዲህ ለማሳሰቢያ የቆመ፣ የቆመበትን ያህል ለማድመጥ ይቀመጣል። መቀመጫው ድንጋይ ነው፤ ፕሮቶኮል የለውም።

9. የገበያ ቀን

በየትኛውም ዕለት ቢውል የገበያ ቀን ተመራጩ ነዋሪ ነው። ጨውና በርበሬውን ሸምቶ እንዲገባ ይተዋል። ጎረቤቱ ወሰኑን ገፍቶ ያረሰበት ሰው በአዋጅ ቁጥር 252/2009 መሠረት የጸናለትን የይዞታ ደብተር በላስቲክ ጠቅልሎ፣ በአህያና በስልቻ መካከል «አያ፣ እቺን እያት እስቲ» ማለቱ የሚያሳዝን እንጂ የሚያስቀጣ አይደለም። ጥፋቱ ሰኞ በሩን የዘጋው ሰው ነው።

10. ስለ ተመራጩ በሬዎች

ተመራጩ ራሱ ገበሬ መሆኑን ይህ ጉባኤ አይዘነጋም። እሱ ወረዳ ሲመላለስ በሬዎቹ ቆመው ይውላሉ፤ ሚስቱ ወንፈል ስትለምን፣ ገብሱም ሳይታረም ይከርማል። እሱም እንደኛ ሳምንቱን የተቀማ ሰው ነው። ልዩነቱ እኛን የሚቀማን እሱ መሆኑ፣ እሱን የሚቀማው ግን የበላዩ መሆኑ ነው። ስለሆነም በእርሻ ወራት «አስቸኳይ» የጠራ መሥሪያ ቤት ከጥሪው ደብዳቤ ጋር ጥንድ በሬና አንድ አራሽ አያይዞ ይልካል።

ክፍል ሦስት
ስለ ቅሬ

11. መነሻ

በዚህ አገር በአዋጅ ያልተቋቋመ፣ በጀት ያልተያዘለት፣ ሥልጠና ያልተሰጠው አንድ አካል አለ፤ ቅሬ ይባላል። ሰው ሌሊት ቢያርፍ ሲነጋ ጥሩንባ ይነፋል፤ ቆፋሪው ለብቻ፣ ድንኳን ተካዩ ለብቻ፣ ለመርዶ ሂያጁ ለብቻ ይመደባል። ሟቹ እስላም ይሁን ክርስቲያን ሁሉም ዶማውን ይዞ ይወጣል። ከዚያ ስም ይጠራል። የቀረ ይቀጣል። ገንዘብ ያዡም የሰበሰበውን ሰው ፊት ይቆጥራል። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ቅሬው አንድ ጊዜ እንኳ «ከበላይ አቅጣጫ እንጠብቅ» ብሎ ሬሳ አላሳደረም።

ተመራጩም ይህን ያውቃል። የምክር ቤት ጉባኤ ሦስቴ የቀረ ተመራጭ ቅሬ አንዴ አይቀርም። ነገ እሱን የሚቀብረው ምክር ቤቱ አይደለማ።

12. ድንጋጌ

በዚህ ምክንያት የተሻሻለው የክልሉ ሕገ መንግሥት በአዋጅ ቁጥር 59/1994 ከጸደቀ ወዲህ ያሉት የምክር ቤት የአሠራር ደንቦች ሁሉ ክብራቸው እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ምክር ቤቱ ከዛሬ ጀምሮ በቅሬ ደንብ ይተዳደራል፦

1) ስም የሚጠራው ነዋሪ ባለበት ነው፤ «ፈቃድ ጠይቋል» የሚባለው ፈቃዱን የሰጠው ሰው ሲታወቅ ነው፤

2) የመዋጮ ሒሳብ ድንኳን ውስጥ ጮክ ብሎ ይነበባል፤ «ልዩ ልዩ ወጪ» የሚል መስመር ካለው እንደገና ይነበባል፤

3) «ነገ ና» ያለ ተመራጭ፣ ነገ ራሱ ወደ ነዋሪው ቤት ይሄዳል። ነዋሪው ቆለኛ ከሆነ ቁልቁለቱንም፣ በተለይም የመልሱን አቀበት፣ በእግሩ ይጨርሳል።

13. የነዋሪ ግዴታ

1) ነዋሪ ማዳበሪያ ሲከፋፈል «የኛ ሰው ነው፣ ያስቀድመናል» ብሎ የመረጠውን ሰው፣ ሌላውን ባስቀደመ ጊዜ አድልዎ ነው ብሎ ሊከሰው አይችልም፤

2) እጁን አውጥቶ ድምፅ የሰጠ ሰው ስለምን እንዳወጣ ከስብሰባ በኋላ ጎረቤቱን አይጠይቅም፤

3) ለቅሶ ቤት ሄዶ ሐዘንተኛውን «እግዜር ያጥናህ» ሳይል ከተመራጩ ጎን ሮጦ የሚቀመጥ ሰው፣ ጉዳዩ ቢፈጸምለትም የቅሬ ቅጣት አይቀርለትም።

ክፍል አራት
ልዩ ልዩ ድንጋጌዎች

14. የተሻሩ ልማዶች

«በጥናት ላይ ነው»፣ «ፋይሉ አልተገኘም»፣ «ባለሙያው መስክ ወጥቷል»፣ «ኔትወርክ የለም» እና «በቀጣይ ትኩረት ሰጥተን እንሠራለን» በዚህ አዋጅ ተሽረዋል። «መብራት ጠፍቷል» ግን ብዙ ጊዜ እውነት ስለሆነ ለጊዜው ይቆያል።

15. የመሸጋገሪያ ድንጋጌ

የአካባቢ ምርጫ እስኪመጣ ድረስ ያሉት ተመራጮች በሥራቸው ይቀጥላሉ። ይህ ድንጋጌ አዲስ አይደለም፤ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ እየሠራ ያለ ብቸኛው ድንጋጌ ነው።

16. አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ በዝክረ ሕግ ጋዜጣ ለመታተም ወረፋ ስላልደረሰው በቃል ከተነገረበት ከዛሬ ጀምሮ የጸና ይሆናል። ይህን ለማወጅ ሥልጣን የላችሁም የሚል አካል ካለ ተቃውሞውን በጽሑፍ አድርጎ፣ ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍና የነዋሪነት መታወቂያ ይዞ፣ ሐሙስ 3 ሰዓት ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ይቅረብ። ሰልፉ የሚጀምረው ከባሕር ዛፉ በኩል ነው፤ እኛ ቀድመነዋል።