ተረካቢው ዕጩ

አዳማ ውስጥ ስብሰባ የጠራ ሰው ሦስት ነገር ያዘጋጃል፤ የታሸገ ውኃ፣ ባነር፣ እና “ወጣቱ የነገ አገር ተረካቢ ነው” የምትል ዐረፍተ ነገር። ውኃው አንዳንዴ ያልቃል፤ ባነሩም አንዳንዴ ይጣመማል፤ ዐረፍተ ነገሯ ግን ቀርታ አታውቅም። ይህን የሚጽፈው ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማት ደብተር ጠቅልሎ በብብቱ የያዘ ተማሪ ሳለ ነበር፤ ያን ጊዜ ከልቡ አጨብጭቧል። ባለፈው ሰሞን ከአንድ አዳራሽ የተመለሰች ልጁ ያችኑ ዐረፍተ ነገር፣ ቃል ሳትጎድልባት፣ እራት ላይ ደገመችለት። ጉርሻው ጉሮሮው ላይ ቆመ። አባትየው ምንም ሳይረከብ ልጅየዋ ተረካቢ ተብላለች። በሁለቱ ትውልድ መካከል በሥርዓት ርክክብ የተደረገባት ነገር ብትኖር ዐረፍተ ነገሯ ራሷ ናት።

ስለዚህ ምስጋና ይገባል። ለማን ቢሉ፣ ተረካቢነትን እንደ ሙያ ለያዘው፣ ለከተማ ምክር ቤትም ለክልሉ ምክር ቤት ለጨፌ ኦሮሚያም ልወዳደር ብሎ ወገቡን ለታጠቀው ወግ አጥባቂ ወጣት። ወግ አጥባቂነት በፈረንጅ አገር ስለ ግብር፣ ስለ ቤተ ክርስቲያን፣ ስለ ጠመንጃ ብዙ ሙግት አለበት። ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ ባሉት የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ግን ነገሩ ቀላል ነው፤ ያለውን እንዳለ መጠበቅ። ያለው ምን እንደሆነ አይጠየቅም።

የውጭዎቹ ያሳዝናሉ። ሳይራ ብሌየር የምትባል የሪፐብሊካን ፓርቲ ወጣት እ.ኤ.አ. በ2014፣ ገና በ17 ዓመቷ፣ በዌስት ቨርጂኒያ የፓርቲዋ ቅድመ ምርጫ ላይ ወንበሩን ይዞ የቆየውን ሰውዬ አሸነፈች። ጥቂት ወራት ቆይታ 18 ሲሞላት የግዛቲቱ ምክር ቤት አባል ሆነች፤ ሁለት የሥራ ዘመን አገልግላም በ22 ዓመቷ ወጣች። ምን የሚሉት ችኮላ ነው? ኦስትሪያዊው ሰባስቲያን ኩርዝም ከእሷ አይሻልም። ቪየና ከተማም ግዛትም በመሆኗ አንድ ሰው በአንድ ምርጫ የሁለቱም እንደራሴ ይሆናል። ኩርዝ እ.ኤ.አ. በ2010 በጥቁር ሀመር መኪና ሲቀሰቅስ ከርሞ በ24 ዓመቱ ገባ፤ በ31 ዓመቱ የአገሪቱ መሪ ሆነ፤ በ2021 የሙስና ምርመራ መጣበትና ሥልጣኑን ለቀቀ። መግባቱም፣ መንገሡም፣ መውረዱም በ11 ዓመት ውስጥ ተጠናቀቀ። የእኛው ዕጩ እንዲህ ያለ ውርደት አያገኘውም። እንዴት ይወርዳል? መቼ ወጣና!

ሕጉ እንደሆነ ቸር ነው። በ2011 የወጣው የምርጫ ዐዋጅ ቁጥር 1162 ዕድሜው 21 የሞላው ዜጋ እንዲወዳደር ይፈቅዳል። የጠፋው ምርጫው ብቻ ነው። በኦሮሚያ ከተሞችና ወረዳዎች የመጨረሻው የአካባቢ ምርጫ የተደረገው በሚያዝያ 2005 ነበር። የሥራ ዘመኑ አምስት ዓመት ነው። በ2010 መደረግ የነበረበት ለአንድ ዓመት ተራዘመ። ዓመቱ ሲደርስ ደግሞ ከጠቅላላው ምርጫ ጋር ይሁን ተባለ። ጠቅላላው ምርጫ ራሱ ለነሐሴ 2012 ተቀጥሮ ኮሮና መጣና ቀረ። በሰኔ 2013 ሲደረግ የከተማ ምክር ቤት ወንበር የቀረበው ለአዲስ አበባና ለድሬዳዋ ነበር፤ አዳማ፣ ዓለም ጤና፣ መቂና ባቱ ከዳር ሆነው ተመለከቱ። የ2017 ክረምት ሲወጣም ከዳር እንደቆሙ ነበሩ።

የ2005ቱ ምርጫ ራሱ ስስት የሌለበት ነበር። ከቀበሌ እስከ ከተማ በመላ አገሪቱ 3.6 ሚሊዮን ገደማ ወንበር ቀረበ፤ 33 ፓርቲዎች አንሳተፍም ብለው ወጡ፤ በጊዜው እንደተዘገበው ከገዢው ግንባርና ከአጋሮቹ እጅ ያመለጡት ወንበሮች አምስት ነበሩ። አምስት ሺሕ አላልንም።

አሁን ለአብነት አንድ ወጣት እናስብ። የዓለም ጤና ልጅ ነው። ሚያዝያ 2005 ላይ 21 ሊሞላው ሳምንት ቀርቶት ነበርና አመለጠው። አላዘነም፤ አምስት ዓመት ምን አላት? ለ2010 ቀደም ብሎ ተሰናዳ። ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄዶ ጥቁር ሰማያዊ ሙሉ ልብስ አሰፋ፤ አዳማ ወርዶ ፎቶ ተነሳ፤ 500 ፖስተር አሳተመ። ፖስተሩ ላይ ጠጉሩ ጥቅጥቅ ያለ ነው። ከደረቱ በታች የግንባሩ ምልክት ንብ አለች፤ ከንቧ ሥር የግንባሩ የኦሮሚያ ድርጅት ስም ኦሕዴድ፣ ከኦሕዴድ ሥር “አብዮታዊ ዴሞክራሲ” ተጽፏል። ምርጫው ተራዘመ ሲባል ፖስተሮቹን በጥቅል አስሮ አልጋ ሥር ከተታቸው።

ወግ አጥባቂነት የሚፈተነው እንግዲህ አልጋ ሥር ነው። መስከረም 2011 ላይ ኦሕዴድ ስሙን ኦዴፓ አለ። ልጁ 500ውንም ፖስተር አውጥቶ ወለል ላይ ደረደረና በነጭ ማጥፊያ ቀለም አጥፍቶ በእስክሪብቶ አረመ። ሦስት ሌሊት ፈጀበት። 2012 ላይ ግንባሩ ራሱ ከስሞ ብልጽግና ተወለደ። ያረመውን በድጋሚ አረመ፤ ንቧንም አምፖል ለጠፈባት። (ሁለት መቶኛው ላይ ሲደርስ መብራት ስለጠፋ የቀረውን አምፖል የለጠፈው በሻማ ነው።) “አብዮታዊ ዴሞክራሲ” በ“መደመር” ተሸፈነ። ወረቀቱ ከመደራረቡ የተነሳ ካርቶን አከለ። ከዚህ ሁሉ ማዕበል ሳይነካ የተረፈው ፊቱ ብቻ ነው። ወግ አጥባቂ ማለት ይህ ነው፤ ፓርቲ ስም ይቀይራል፣ ርዕዮተ ዓለም ይገለበጣል፣ ንብ አምፖል ትሆናለች፣ ዕጩው ያው ዕጩ ነው።

ፊቱም ቢሆን እያደር ችግር አመጣ። 1996 ላይ የወጣው ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ያለውን ነው። ሚያዝያ 2014 ላይ ልጁ 30 ሞላው። ፖስተሩ “ወጣቱን ምረጡ” ይላል፤ መንግሥት ራሱ በጻፈው ልክ ከሄድን ከዚያ ቀን ጀምሮ ፖስተሩ ይዋሻል። ሰፈሩም ልኩን ይለካለታል። 2005 ላይ “ማሙሽ” ትለው የነበረች ቡና አፍይ ባለሱቅ 2010 ላይ “ወንድሜ” አለችው። 2014 ላይ የባጃጅ ረዳቶች “ጋሼ፣ ጠጋ በሉ” ማለት ጀመሩ። 2017 ላይ አንዱ ትንሽ ልጅ “ኦቦ” ብሎ አንቱ ሲለው ከፖስተሩ ጋር ፊት ለፊት ቆሞ ነበር፤ ትንሹ ልጅ ወደ ፖስተሩ ጠቁሞ “ልጅዎ ነው?” አለው።

እናቱ ደግሞ ብልህ ሴት ናት። መስከረም በመጣ ቁጥር ከጥቅሉ ጥቂት እየመዘዘች ለጎረቤት ልጆች ደብተር መሸፈኛ ታድላለች፤ ካርቶን ስላከለ ዓመት ሙሉ ይቆያል። ስለዚህ በከተማው ውስጥ ከእሱ የበለጠ ፊቱ የታወቀ ዕጩ የለም። በሒሳብ፣ በአካባቢ ሳይንስና በአፋን ኦሮሞ ደብተር ላይ ታትሞ በየጠዋቱ ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳል። እነዚያ ሕፃናት ለመምረጥ ሲደርሱ ደግሞ ከእነሱ መካከል 21 የሞላው ተነስቶ ይፎካከረዋል። ቃል የገባቸው ነገሮች እንኳ አልጠበቁትም፤ “መንገድ አመጣለሁ” ብሎ ነበር፤ ከሞጆ ወደ ሐዋሳ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ ሳይመረጥ መጣ። ከተስፋዎቹ አንዱን መሰረዝ ነበረበት። ነጭ ማጥፊያው ግን ከኦዴፓ ጋር አልቋል።

ስለ ጨፌው ብዙ ማለት አያስፈልግም። 2007 ላይ ግንባሩና አጋሮቹ የተወካዮች ምክር ቤትን 547 ወንበር ጠቅልለው የወሰዱ ጊዜ፣ ከዚህ በላይ ምን ይጨመራል ተብሎ ነበር። ይጨመራል። በ2013 ተቃዋሚዎቹ ኦፌኮና ኦነግ መሪዎቻችን ታስረዋል፣ ቢሮዎቻችን ተዘግተዋል ብለው ከውድድሩ ሲወጡ፣ በኦሮሚያ የገዢው ፓርቲ ዕጩ በብዙ የምርጫ ክልሎች ብቻውን ቀረበ። ብቻውን የሮጠን ማን ይቀድመዋል? ቅስቀሳውን ግን አላስቀረም፤ ሞንታርቦ የተጫነባት ባጃጅ ማለዳ ማለዳ እየዞረች ሕዝቡ ከአንድ ሰው አንዱን እንዲመርጥ ትለምን ነበር። ከእንቅልፍ ለተቀሰቀሰ ሰው ከባድ ምርጫ ነው።

እዚህ ላይ ቀልዱ ይብቃ። ለአምስት ዓመት የተመረጠ ምክር ቤት ከዐሥር ዓመት በላይ በሕዝብ ስም በጀት ሲያጸድቅ፣ መሬት ሲመራና ቤት ሲያስፈርስ መኖሩ ነውር ነው። ከንቲባ ይነሳል፣ ከንቲባ ይሾማል፤ ድምፅ የሰጠ ነዋሪ የለም። ውኃ ለምን አልመጣም የሚል የአዳማ ሰው በድምፁ የሚቀጣው የከተማ ተመራጭ የለውም፤ የሚቀጣው ስለሌለውም ውኃውን በጀሪካን ይገዛል።

ወደ ምስጋናችን እንመለስ። ዕጩው ከሁሉም በላይ የሚኮራው በባህሉ ነው። በዓል ሲሆን ነጭ ለብሶ ዱላ ይይዛል፤ ንግግሩን በአባ ገዳዎች ምርቃት ይከፍታል፤ ጨፌው አዳማ በገልማ አባ ገዳ ሲሰበሰብ አዳራሹ ደጃፍ ላይ ፎቶ ይነሳል። ገዳ በኅዳር 2009 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ፣ በደስታ ብዛት ስልኩ ላይ ያለውን ምስል ለወጠ። ማንም ደፍሮ ያልነገረው አንድ ነገር አለ፤ በገዳ ሥልጣን ስምንት ዓመት ነው። ስምንት ሲሞላ የያዘው ያስረክባል፤ ቀጣዩ ይረከባል፤ ጦርነት ነበር፣ ድርቅ ነበር፣ ወረርሽኝ ነበር ተብሎ ለከርሞ ይቆይ አይባልም። ከሚያዝያ 2005 ስምንት ዓመት ብንቆጥር ሚያዝያ 2013 ላይ እንደርሳለን። ወጉን የምር የሚያጠብቅ ሰው ቢኖር ኖሮ በዚያ ወር ዱላውን ይዞ የምክር ቤቱን በር ያንኳኳ ነበር። የእኛው ዕጩ ዱላውን የያዘው ለፎቶ ነው።

አዳማ ራሷ እንኳ ከምክር ቤቷ የተሻለች ወግ አጥባቂ ናት። በ1992 የክልሉ ዋና ከተማነት ከአዲስ አበባ ተነስቶ ተሰጣት፤ በ1997 ወደ አዲስ አበባ ይመለስ ሲባል መለሰች። አምስት ዓመት ተሹማ፣ አምስት ዓመት ሲሞላት ወረደች። ከዚያ ወዲህ እንዲህ በጊዜው ያስረከበ ማየት ብርቅ ሆኗል።

ልጁን ዓለም ጤና ላይ ነው የተውነው። የ2017 ክረምት ሊወጣ ሲል ያን ጥቁር ሰማያዊ ሙሉ ልብስ ይዞ ለሦስተኛ ጊዜ ልብስ ሰፊው ዘንድ ሄደ። 2012 ላይ ወገቡ ሁለት ጣት ተለቆለት ነበር፤ 2014 ላይ የኮቱ ጎን ተፈትቶ ሰፋ። ሽማግሌው መነጽራቸውን አውርደው ሱሪውን ገለበጡት፤ ስፌቱን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ።

“ልጄ፣ የሚለቀቅ ጨርቅ አልቋል” አሉት። “አዲስ ላሰፋልህ?”

“ትንሽ ይቆዩ፣ ጋሼ” አለ ዕጩው፣ ሆዱን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጎ። “ቀኑ ሲታወቅ እመለሳለሁ።”

ሽማግሌው ልብሱን አጥፈው መለሱለት። ከስፌት መኪናው በላይ ባለው ግድግዳ ላይ ያ ጠጉረ ጥቅጥቅ ልጅ፣ ጥጉ ከተላጠ አምፖል ሥር አንድ የንብ ክንፍ ብቅ ብሎበት፣ ቁልቁል ያየዋል።