ዳቦ የሌለው ኮባ

ደሴ ያለ ሰው ኮምቦልቻ ምሳ ሲጋበዝ መጀመሪያ የሚቸገረው በልብሱ ነው። መንገዱ ቢበዛ 25 ኪሎ ሜትር ነው። ግን ከጦሳ ተራራ ሥር ተነስቶ የሐረጎን ዳገት እየተጠማዘዘ 600 ሜትር ያህል ቁልቁል ስለሚወርድ፣ ሲነሱ ጋቢ ያሰኘ ሰውነት ሲደርሱ ሸሚዝ ይከብደዋል። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ እያወቅሁ የሠርጌን የሱፍ ሙሉ ልብስ ለብሼ ሽክ ብዬ ወረድኩ። ጥፋቱ የአክስቴ ልጅ ነው። "ቦታው የዋዛ እንዳይመስልህ፤ ደህና አድርገህ ልበስ" ብላኛለች።

ይቺ ልጅ ዘጠኝ ዓመት ዱባይ ሠርታ የተመለሰችው አንድ ሐሳብ ይዛ ነው፤ ደሴ ላይ የፊሊፒኖ ምግብ ቤት መክፈት። ሲነግሩኝ ስቄ ነበር። ቆይቼ ሳስበው ግን ነገሩ ያን ያህል አያስቅም። ከወሎ ወደ ቤይሩት፣ ወደ ጅዳ፣ ወደ ዱባይ የሚሄዱ ልጆች እዚያ ማድ ቤት ውስጥ የሚያገኟት የሥራ ጓደኛ ብዙ ጊዜ ፊሊፒናዊት ናት። ዓረብኛው ለማዳም ነው፤ ለጓደኛ ደግሞ ታጋሎግ ይለመዳል። የእኛዋ ስትሄድ ለፓስፖርቱ ስትል የክርስትና ስሟን በእስላም ስም ቀይራ ነበር። ስትመለስ ጓደኞቿ ያወጡላትን ሦስተኛ ስም ጨምራ መጣች፤ አክስቴ እስከ ዛሬ አፋቸው ላይ አልሞላላቸውም።

ወሬዋን የጨረሰችልን ቡና ላይ፣ በረካ ሲደርስ ነው። እነዚያ ሰዎች ሲበሉ ሰው ከደረሰባቸው "ካይን ታዮ" ይላሉ አለች፤ "እንብላ" ማለት ነው። ከሳህኑ የመጨረሻዋን ቁራጭ የሚያነሳ የለም፤ "ሂያ" የሚሉት ነገር ይይዛቸዋል። የእኛው ይሉኝታ ነው። በእጅ ማጉረስም አላቸው፤ "ሱቦ" ይሉታል። ትልቅ ግብዣ ሲሆን ጠረጴዛውን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሙዝ ቅጠል ያለብሱና ሩዙን መሐል ለመሐል ዘርግተው፣ ወጡንና ጥብሱን በላዩ ደርድረው፣ ሁሉም ግራና ቀኝ ቆሞ በእጁ ይበላል። ይህን ከወታደሮቹ ነው የወረሱት፤ መኮንኑም ተራ ወታደሩም ከአንድ ቅጠል።

እስላሙ አጎቴ ስኒያቸውን አስቀምጠው፣ "ይህማ አይጠየፍ ነው" አሉ።

ደሴን የማያውቅ ላይገባው ይችላል። አይጠየፍ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የግብር አዳራሽ ነው። ስሙ እንደሚለው የገባን ሰው አይጠየፍም። ንጉሡ ራሳቸው መሐመድ ዓሊ ተብለው የተወለዱ፣ ከ1870ው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ክርስትና የተነሱ ሰው ናቸውና፣ በወሎ ገበታ ሁለት እጅ እንዳለ የሚያስታውሳቸው አያስፈልግም ነበር። በእኛም ቤት ሠርግ ሲደገስ ሁለት ቢላ ይሳላል፤ አንዱ በቢስሚላህ፣ አንዱ በስመ አብ። የእናቴ ወገን እስላም፣ የአባቴ ወገን ክርስቲያን ነው። ሁለቱ ወገን ሳይከራከር የሚስማማው አሳማ ላይ ብቻ ነው። የአክስቴ ልጅም የፊሊፒኖ የክብር ምግብ ሌቾን የሚባለው፣ ሳይቆራረጥ የተጠበሰ አሳማ መሆኑን የነገረችኝ ለብቻዬ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው።

ምግብ ቤቱን ከመክፈቷ በፊት ለሙከራ ኮምቦልቻ ካለ አንድ ትልቅ ሆቴል ጋር ተስማምታለች። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ሐምሌ 2009 ከተመረቀ ወዲህ የውጭ ሰው ይመላለሳልና ሆቴሉም አዲስ ነገር አልጠላም። እሷ ታበስላለች፣ ሆቴሉ ያቀርባል፣ ሒሳቡ እንደማንኛውም እንግዳ ይከፈላል።

ገባን። አስተናጋጁ ነጭ ጓንት አጥልቋል። አክስቴ፣ "ምነው፣ እጁን አሞታል?" አሉኝ በጆሮዬ። ሜኑው የቅኔ መጽሐፍ ያህላል፤ ከታች በደቃቃ ፊደል ዋጋው 15 በመቶ ቫትና 10 በመቶ ሰርቪስ እንደማይጨምር ተጽፏል። እኔ ይህን ያነበብኩት ስወጣ ነው።

ከዚያ ለየሰዉ በትንንሽ ሳህን ነጭ ጥቅልል ነገር መጣ። ይተናል። ላቤን እየጠረግሁ ስለነበር ልብ ብዬ አላየሁም። በትልልቅ ሆቴል እንጀራ ተጠቅልሎ እንደሚቀርብ አውቃለሁና፣ ታዋቂ መስዬ ከሁሉም ቀድሜ ጫፉን ይዤ ቆረስ አደረግሁ። አልቆረስ አለኝ። ደገምኩት። ሦስተኛውን ስጎትት ተተረተረና ጭኔ ላይ ተዘረጋ፤ ለካ የእጅ ፎጣ ነው። አጎቴ የራሳቸውን ቀስ ብለው አንስተው እጃቸውን፣ ቀጥሎ ፊታቸውን፣ ቀጥሎ አንገታቸውን ጠረጉና፣ "አብሽር፣ ሙቅ ነው፤ ላንተም ደግ ነበር" አሉኝ። እንግዲህ በዚያ ቀን የጎረስኩት ነገር ቢኖር ነገር ነው።

ቅጠሉ መጣ። የሙዝ ቅጠል በብዛት አልተገኘምና ኮባ ነው። በእሳት ለብለብ ተደርጎ፣ በጨርቅ ተወልውሎ ጠረጴዛው ላይ ሲዘረጋ ሽታው ክፍሉን ሞላው። አክስቴ ፊታቸው ፈካ፤ ድፎ ዳቦ በኮባ ሲጋግሩ የኖሩ ሴት ናቸው። አስተናጋጁ በቅጠሉ ላይ ሩዝ ሲዘረግፍ ግን ግራ ገባቸው።

"ዳቦውሳ?"

"ዳቦ የለውም እማማ።"

"ኮባውን ምን አደከማችሁት ታዲያ?"

ሩዙ ላይ ወጡ ተደረደረ። አዶቦ የሚባለው ዶሮ በአቼቶ፣ በአኩሪ አተር ስልስ፣ በነጭ ሽንኩርት የተቀቀለ ነው። ሲኒጋንግ ደግሞ ጎምዛዛ ሾርባ ነው፤ ዓሣው ከሐይቅ፣ ጎምዛዛው እሷ ተምር ሂንዲ ከምትለው፣ ቆለኛው ሮቃ ከሚለው ፍሬ። ፍሬውን ከባቲ የሰኞ ገበያ አስመጥታዋለች። አጎቴ አንድ በአንድ ጠየቁ። ዶሮውን ማን አረደው? እስላም። አቼቶው ያሰክራል? አያሰክርም። ድስቱስ? አዲስ ነው፣ ለዚሁ የተገዛ። ልጅቷ ዘጠኝ ዓመት የዓረብ ማድ ቤት የተማረችውን ሁሉ አሟልታለች። አጎቴ ረክተው "ቢስሚላህ" አሉና እጃቸውን ሰደዱ።

አክስቴ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል።

"እማዬ፣ ብዪ እንጂ።"

"ዛሬ ረቡዕ ነው።"

የልጅቷን ፊት ያየ ሰው ያዝናል። ለሐላሉ ስትጨነቅ ረቡዕን ረስታዋለች። እኔ ራሴ ሚኒባስ ላይ ሆኜ በሐሳቤ ዶሮውን ስበላ ነው የወረድኩት፤ ከአክስቴ ፊት ግን የማልጾም መምሰል አልደፈርኩም። ዓሣውን በጾም የሚበሉ አሉ፤ አክስቴ ከእነሱ ወገን አይደሉም። ስለዚህ እሳቸውና እኔ ከጠርዝ ጠርዝ፣ መረቅ ያልነካውን ሩዝ በሦስት ጣት እየለቀምን ዋልን። ሩዝ በእጅ መብላት ልምድ ይጠይቃል፤ እንጀራ የሚይዝልህን ነገር ሩዝ እጅጌህ ውስጥ ይከተዋል። አስተናጋጁ አዝኖልኝ ሹካ አመጣ። የአክስቴ ልጅ በዓይኗ መለሰችው።

አንድ የዶሮ ቁራጭ ቀረች። አጎቴ ሊያነሷት ከጅለው ተዉዋት። "ሂያ" አለች ልጅቷ እየሳቀች። አጎቴ መሄዱን የምትጠይቃቸው መስሏቸው፣ "ኧረ ገና ነው፣ ቡና ሳንጠጣ?" አሉ።

ሒሳቡ በቆዳ ሽፋን ውስጥ መጣ። እንደ ደንቡ እጄን ሰደድኩና፣ "ማርያምን እኔ ነኝ የምከፍለው!" ብዬ ጮህኩ። ይህ ቃል በአገራችን የሚባለው ሊከለክሉት ነው። ትይዘኛለች፣ እይዛታለሁ፣ ሽፋኑ አንዴ ወደኔ አንዴ ወደሷ ይጎተታል፣ በመጨረሻ እሸነፋለሁ። ዘጠኝ ዓመት ውጭ የኖረ ሰው ግን የተነገረውን ያምናል።

"እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ" አለችና እጇን ሰበሰበች።

ከፈትኩት። ቫቱም ሰርቪሱም ተደምሯል። ቴሌብር ውስጥ ያለኝ አልበቃም፤ የቀረውን ከኪሴ፣ ከሠርግ ኮቴ የውስጥ ኪስ ሳይቀር፣ ቆጥሬ ሞላሁ። አስተናጋጁ በጓንቱ ሳንቲም ሲለቅም እያየሁ ሩዝ ብቻ መብላቴን ልነግረው ዳድቶኝ ነበር።

ስንነሳ አክስቴ የሉም። ማድ ቤት ገብተው ያልተዘረጋውን ኮባ አስጠቅልለው ሲወጡ አገኘናቸው። "ለእሑድ ዳቦ ይሆነኛል፤ ቅጠሉንስ ከፍለንበት የለም?" አሉ። ያን ቀን ስለ ገንዘቤ ያሰበልኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው።

ሚኒባሱ ሐረጎን ሲወጣ ጉም ተቀበለን፤ ሱፉ አሁን ደስ አለኝ። ጥቅሉ በአጎቴና በአክስቴ ጭን ላይ ተጋድሟል። ረዳቱ ሒሳብ ሲሰበስብ ቆየና ዓይኑን ቅጠሉ ላይ ጣለ።

"የዕቃ አለ።"

"የቱ ዕቃ?" አልኩት።

"እሱ። ወንበር ይዟል።"

አጎቴ ወደኔ ዞሩ። "ማርያምን በላ እንግዲህ" አሉ።