ጋሼ፣ የቆሙት እሳቸው፣ ያፈርኩት እኔ

ፓሪስ፣ ጥር ወር

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ፣

እኔ ደህና ነኝ። ብርዱ ግን ደህና አይደለም።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። «ልጁ ፓሪስ ገብቶ ማታ ማታ ራቁት ሰው ሊያይ ይሄዳል፤ ያውም ከፍሎ!» የሚል ወሬ ሰፈር ደርሶ፣ እማዬ ጸበል የሚያደርስላት መንገደኛ እያፈላለገች ነው አሉ። ወሬውን ያመጣው ሰውም «በዓይኔ አይቻለሁ» ብሏል። ጋሼ፣ እዚያ ቤት ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው። በዓይኑ ካየ ገብቶ ነው፤ ከገባ ደግሞ እሱም ከፍሏል። እኔ ግን አልክድም፤ እሄዳለሁ። እርስዎ ዕድሜ ልክዎን ቤተ ክርስቲያን የሣሉ ሰው ስለሆኑ ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ላስረዳና ፍርዱን ይስጡ። ከዚያም ጸበሉ ካስፈለገ ይላክ፤ ጉንፋንም አለብኝ።

ሞንፓርናስ በሚባለው ሰፈር፣ ግራንድ ሾሚየር የምትባል አጭር መንገድ ላይ፣ በመንገዷ ስም የሚጠራ የሥዕል ቤት አለ። የተከፈተው በፈረንጅ አቆጣጠር በ1904 ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሰው ዓመት ሁሉ የፈረንጅ ነው።) እኔ የምሄድበት ሰዓት ፈተና የለው፣ ዲፕሎማ የለው፣ የሚቆጣ መምህር የለው። በር ላይ ሂሳብ መክፈል፣ ወንበር መያዝ፣ ፊት ለፊት ያለውን ሰው መሣል ብቻ ነው። የእኛው ሠዓሊ እስክንድር ቦጎሲያን በ1957 ከለንደን ወደ ፓሪስ ተሻግሮ እዚሁ ቤት ተምሯል፣ አስተምሯልም። እማዬ «ደግሞ የማን ልጅ ነው እዚያ የሚሄድ?» ካለች እስክንድርን ይጥቀሱልኝ። ስዊዘርላንዳዊው ጃኮሜቲም በ1922 መጥቶ ቅርጻ ቅርጽ የተማረው እዚህ ነው። የእሱን ሐውልቶች ቢያዩ «እነዚህ ሰዎች ፋሲካ አልመጣላቸውም እንዴ?» ማለትዎ አይቀርም።

መጀመሪያ የወሰደኝ ግን ጥበብ አይደለም፤ ሙቀት ነው። የምኖርበት ክፍል ማሞቂያ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ለጌጥ ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ፣ ራቁቱን የሚቆም ሰው እንዳይበርደው ተብሎ የሥዕል ክፍል ጥሩ አድርጎ እንደሚሞቅ ነገረኝ። ይህን ከሰማሁ በኋላ ማን ያስቀረኛል?

የዚያን ዕለቱ ሞዴል ሰባ ዓመት የሚጠጋቸው ሽማግሌ ነበሩ። ጋዋን ለብሰው ከመጋረጃ ጀርባ ብቅ አሉና ከፍ ካለችው የእንጨት መድረክ ላይ ወጡ። ሽማግሌን ቁጭ ብሎ መቀበል ማን አስተምሮኝ? ብድግ አልኩ፤ ጎንበስም አልኩ። እሳቸው ደግሞ በዚያችው ቅጽበት ጋዋናቸውን አውልቀው ወንበር ላይ ጣል አደረጉ። ጋሼ፣ በዚያ ክፍል ውስጥ የቆምነው ሁለታችን ብቻ ነበርን፤ እሳቸው ራቁታቸውን፣ እኔ በካፖርት። ከኋላዬ ያለች ሴትዮ «ይቅርታ፣ ከለሉኝ» ባትለኝ ኖሮ አሁንም ቆሜ ነበር። ተቀመጥኩ። ዓይኔን የማሳርፍበት ጠፍቶኝ ጣሪያውን ሳይ፣ ሽማግሌው «አይዞህ» በሚል አስተያየት ቃኙኝ። የቆሙት እሳቸው፣ ያፈርኩት እኔ።

ደግነቱ ለማፈር ጊዜ የለም። መጀመሪያ የአንድ የአንድ ደቂቃ ነው፤ ይቆማሉ፣ ይዞራሉ፣ ይጎነበሳሉ። ጭንቅላታቸውን ጨረስኩ ስል እሳቸው ጀርባቸውን ሰጥተዋል። ቀጥሎ 5 ደቂቃ፣ ከዚያ 10፣ በመጨረሻ 20። ሀፍረቴ የትኛው ላይ እንደጠፋ አላውቅም፤ ክርን በልቶት ነው የሚመስለኝ። ክርን እንዲህ ያለ ጣጣ መሆኑን ነግረውኝ አያውቁም! ሰው ክብደቱን አንድ እግሩ ላይ ሲጥል በዚያ በኩል ዳሌው ከፍ ይላል፤ ትከሻው ደግሞ በዚያው በኩል ዝቅ ይላል። ይህን ሳይዙ የሣሉት ሰው ወረቀቱ ላይ ሊወድቅ ይንገዳገዳል። ቁመት ከጭንቅላት ጋር ሲለካ ሰባት ተኩል ያህል ይመጣል። ዓይን ደግሞ እኛ እንደምናስበው ከላይ ሳይሆን የጭንቅላት መሐል ላይ ነው፤ በስንዝርዎ ይለኩት። ይህን ሁሉ የሚያሰላ ሰው ስለ ራቁትነት በየት በኩል ያስባል?

የሚሣለው በከሰል ነው። ለቡና የሚሆን እንዳይመስልዎ፤ ቀጫጭን የአኻያ ቅርንጫፍ ተከስሎ በካርቶን የሚሸጥ ነው። ዋጋውን ለእማዬ አይንገሯት። ማጥፊያው በእጅ የሚለወስ ላጲስ ነው። ድሮ ግን ከሰል የሚያጠፉት በዳቦ ልብ ነበር። የወደቀ ቁራሽ አንስተን ስመን ያደግን ሰዎች ይህን ስንሰማ ማማተባችን አይቀርም፤ እኔ አማትቤያለሁ።

አሁን የሚያስቅዎትን ልንገርዎ። ለመለካት እርሳስ ይዘን ክንዳችንን እንዘረጋለን፤ አንድ ዓይናችንንም እንጨፍናለን። እርስዎ ዘንድ ቀለም ሳሟሟ እንዳደግኩት፣ ጻድቅ ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ ይሣላል፤ ክፉው ነው በጎን፣ በአንድ ዓይን። ቀና ብዬ ክፍሉን ባየው ሁሉም አንድ ዓይና ሆኖ ተቀምጧል። በእርስዎ አሣሣል እዚያ ከነበሩት ውስጥ አንድም የሚድን አልነበረም፤ በሁለት ዓይናቸው ፊት ለፊት የሚያዩት ራቁታቸውን የቆሙት ሽማግሌ ብቻ ነበሩ።

ፈረንጅ ነውር አያውቅም የሚሉትን እንዳይሰሟቸው። የለንደኑ ንጉሣዊ የሥነ ጥበብ አካዳሚ በ1768 ሲቋቋም ከመሥራቾቹ ሁለቱ፣ አንጀሊካ ካውፍማንና ሜሪ ሞዘር፣ ሴቶች ነበሩ። ዞፋኒ የተባለ ሠዓሊ ከጥቂት ዓመት በኋላ አባላቱን ራቁት ሞዴል ባለበት ክፍል ሰብስቦ ሲሥላቸው፣ ሁለቱን ሴቶች እዚያ መሐል ማቆም ከበደው። ምን አደረገ? መልካቸውን ብቻ ሥሎ ግድግዳው ላይ ሰቀላቸው! አባልነቱን አልተነፈጉም፤ የተነፈጉት ማየቱን ነው። ፓሪስ ያለው ትልቁ የመንግሥት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትም ለሴቶች በሩን የከፈተው በ1897 ነው። ስለዚህ እማዬ ነገሩን ለመቀበል አንድ ሁለት ወር ብትፈልግ አይፈረድባትም።

ስለ ሽማግሌው ሥራ ደግሞ ልንገርዎ። 20 ደቂቃ ሳይነቃነቁ መቆም ቀላል ከመሰለዎት ቅዳሴ ላይ መቋሚያ ሳይዙ ይሞክሩት። ለእረፍት ከመውረዳቸው በፊት እግራቸው ያረፈበት ቦታ ላይ በጠመኔ ምልክት ይደረጋል፤ ሲመለሱ እዚያችው ላይ፣ እጃቸውም እዚያው፣ አገጫቸውም እዚያው። በእረፍት ሰዓት ጋዋናቸውን ደርበው እየዞሩ የሣልነውን ያያሉ። የኔ ወረቀት ላይ ሲደርሱ ቆም ብለው «ይህን ጉልበት የት አገኘኸው? የኔ ከታመመ ሃያ ዓመቱ ነው፤ ይኼ ግን ጨርሶ አይታጠፍም» አሉኝ። እንዲህ ያለ የሥዕል ሐያሲ እርስዎም አልገጠመዎት።

ሥራቸው ድሮም የስደተኛ ሥራ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ፣ ሰኞ ሰኞ ጠዋት፣ ከዚሁ መንገድ ጥግ ሞዴሎች ቆመው ሠዓሊ እስኪቀጥራቸው ይጠብቁ ነበር፤ ብዙዎቹ ከጣሊያን የመጡ ናቸው። እንደ ሠዓሊው ፍላጎት ቅዱስም ሆነው ይቆማሉ፣ ሽፍታም። ጉርሻ የመስጠት ልማድም አለ። የሥዕል ወረቀት ይጠቀለልና እኛ አገር ቆሎ እንደሚሸጥባት ጥቅልል ይሆናል፤ ስሙ ኮርኔ ነው። ክፍሉን ይዞራል፣ ሁሉም አቅሙን ይጥላል። በ2008 የከተማው አስተዳደር በሚያካሂዳቸው የሥዕል ትምህርቶች ኮርኔ እንዲቀር ሲወስን፣ ሞዴሎቹ በታኅሣሥ ብርድ የባህል ቢሮው ደጅ ራቁታቸውን ቆመው ተቃወሙ። ሌላ ሠራተኛ ሲያምፅ ሥራ ያቆማል፤ እነሱ ሥራቸውን ደጅ አወጡት።

ጋሼ፣ ሙቀት ፍለጋ የሄድኩ ሰው ለምን እንደምመላለስ ልንገርዎ። እዚህ አገር ሰው ሰውን አያይም። በምድር ባቡሩ ውስጥ ጉልበት ለጉልበት ተነካክተን እንቀመጣለን፤ ዓይን ለዓይን የተጋጠምን እንደሆነ ግን ሁለታችንም ይቅርታ እንጠያየቃለን። አብሮኝ የሚኖረውን ልጅ ጆሮ ሣል ብባል አልችልም፤ አይቼው አላውቅማ። አገር ቤት ደግሞ ሲያዩን አቆጣጠሩ ብዙ ነው፤ ከሳ፣ ወፈረ፣ ገንዘብ ያዘ፣ አልያዘም። እዚያ ክፍል ውስጥ ግን አንድን ሰው 20 ደቂቃ ትክ ብለው ያዩታል፤ ሳያሙት፣ ሳይመኙት፣ ምንም ሳይጠይቁት። የሽማግሌው ሆድ እንደ ሆድ አይታማም፤ ጥላው የት እንደሚጀምር ነው የሚጠየቀው። ስማቸውን እንኳ የማላውቃቸው እኚህ ሰው፣ ግራ ትከሻቸው ዘወትር ትንሽ ዝቅ እንደሚል ከእኔ በላይ የሚያውቅ ከቤተሰባቸው ሌላ ያለ አይመስለኝም።

እርስዎ የቅዱሳኑን መልክ በቃልዎ ይዘው፣ ሞዴል ሳያቆሙ ነው የሣሉት፤ ያም ራሱን የቻለ ዕውቀት ነው፤ ላወዳድር አልደፍርም። ብቻ አንድ ልመና አለኝ። ለፋሲካ ስመጣ እርስዎን መሣል እፈልጋለሁ። አይደንግጡ፤ ጋቢዎን እንደለበሱ ነው። እንዲያውም የጋቢ እጥፋት ከክርን የባሰ ነው ይላሉ። በረንዳው ላይ ተቀምጠው 20 ደቂቃ ሳይነቃነቁና ሳይናገሩ መቆየት ነው የሚጠበቅብዎት። አለመነቃነቁን አልጠራጠርም፤ የሚያሰጋኝ ሳይናገሩ የሚለው ነው። ክፍያዎ አንድ ኮርኔ ሙሉ ነው፤ በሳንቲም ይሁን በቆሎ፣ አስበውበት ይጻፉልኝ።

አክባሪ ልጅዎ