ለወገቤ ብዬ ነው

ትልቅ ሞተር ያለው መኪና የሚገዛ ሰው ሁሉ ምክንያቱን አዘጋጅቶ ነው የሚመጣው። አንዱ «በረዶ አለ እኮ» ይላል፤ ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ መንገድ የሚዘጋ በረዶ በዓመት ስንቴ እንደሚጥል ግን አይነግራችሁም። ሌላው የልጆቹን እግር መርዘም ያነሳል። ሌላው ደግሞ ተራራ መውጣት ወዳድ ሆኖ ያድራል፤ ከሸናንዶዋ ጋር ያለው ትውውቅ ስልኩ ላይ ካለው ፎቶ ባያልፍም። እኔ የመረጥኩት ወገቤን ነው። ወገብ ፍቱን ምክንያት ነው፤ ሐኪም አይክደውም፣ ሚስት አትከራከረውም፣ ኤክስሬይ ቢነሳም አርባ ዓመት ያለፈው ሰው ወገብ ላይ አንድ ነገር አይጠፋም።

እውነተኛውን ምክንያት ግን የአዲስ አበባ ልጅ ሳልነግረውም ያውቀዋል። ሜክሲኮ አደባባይ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ፣ ጫማው ውስጥ ውሃ እየገባ፣ ቪኤይት ሲያልፍ ያላየ ማን አለ? ቪኤይት የምንለው ላንድክሩዘር 200 እ.ኤ.አ. በ2007 ገበያ ላይ የዋለ መኪና ነው። ባለ 4.5 ሊትሩ ናፍጣ ሞተር ስምንት ሲሊንደርና ሁለት ተርቦ አለው። ሰልፉ ላይ ግን ሲሊንደር የሚቆጥር አልነበረም። «ቪኤይት ተሰጠው» ከተባለ ሰውዬው ምን ሆኖ እንደተሾመ መጠየቅ አያስፈልግም ነበር። መስታወቱ ጥቁር ነው፤ ውስጥ ያለው ለእኛ አይታየንም፣ እኛ ግን እንታየዋለን፤ ያውም በስብሰን።

አሜሪካ ስመጣ ያስደነገጠኝ ፎቁ አይደለም። አሌክሳንድሪያ ውስጥ አንድ የገበያ አዳራሽ ደጃፍ መኪና ማቆሚያው ላይ ላንድክሩዘር መጣና አጠገቤ ቆመ። ልማድ ሆኖብኝ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። አጃቢ ይወርዳል ብዬ ስጠብቅ ቁምጣ የለበሱ አሮጊት ወረዱ፣ ከኋላ ወንበር ውሻቸውን አወረዱና ሰላም ብለውኝ አለፉ። ወገቤን መታመም የጀመረኝ ያኔ ይመስለኛል።

አዲስ አበባ ላይ ቤት የሚያስሸጠው ዓይነት ባለ ትልቅ ሞተር መኪና እዚህ አገር ሲያረጅ ዋጋው ብዙውን ጊዜ ያገለገለ ካምሪ ሰፈር ይወርዳል። ለምን ቢሉ ይጠጣል። ባለቤቴ ሒሳብ ክፍል ነው የምትሠራው። ዓይኔን ከጣልኩባቸው አንዱ የሆነው ሌክሰስ ጂኤክስ 470 በአንድ ጋሎን 15 ማይል ገደማ እንደሚሄድ አነበበችና በዓመት 12 ሺህ ማይል ብንነዳ 800 ጋሎን፣ ያውም አምራቹ የሚመክረው ፕሪሚየም ቤንዚን፣ ብላ በእርሳስ ጻፈች። ከሥሩ «ፕሪየስ፦ 240 ጋሎን» አለች። ወረቀቱን ማቀዝቀዣው ላይ በማግኔት ለጠፈችው እንጂ አንድ ቃል አልተናገረችም። እኔም ለወረቀቱ «ፕሪየስ ወገብ ያማል» ብዬ መለስኩለት።

ቨርጂኒያ መኪናን ንብረት ብላ በየዓመቱ ግብር ታስከፍልበታለች። መኪናው ሲያረጅ ግምቱ ይወርዳል፣ ከግምቱ ጋር ግብሩም ይወርዳል። ይህን ያወቅሁ ቀን ቤት የገባሁት እየሮጥኩ ነው። ባለቤቴ ሰምታኝ ስታበቃ፣ «ግብሩን ለመቀነስ ብለን 800 ጋሎን እንጠጣ ነው የምትለኝ?» አለችና ወደ ድስቷ ዞረች።

ምክር የጠየቅሁት ግን ቤት ውስጥ ብቻ አይደለም። የዋሽንግተንና የአካባቢዋ ሐበሻ ግማሹ ሾፌር ነው፣ ግማሹ የሾፌር አማካሪ። ዱለስ አውሮፕላን ማረፊያ እንግዳ የሚያመላልስ ጓደኛዬ በካዲላክ ኤስካሌድ ማለ። ከ2007 እስከ 2014 የወጣው ሞዴል 6.2 ሊትር ሞተርና 403 የፈረስ ጉልበት አለው። «አራት መቶ ፈረስ!» አለኝ፣ እያንዳንዱን ፈረስ ራሱ የሚቀልብ ይመስል። አንድ ሌላ ጓደኛዬ ደግሞ ምቾት ከተባለ አውሮፓ ነው ብሎ ስሙን የማልጠራው የእንግሊዝ መኪና ዘንድ ወሰደኝ። መቼም እግዜር ያሳያችሁ፣ ወንበሩ የጳጳስ ነው። በአየር ላይ የሚንሳፈፍ መኪና ስለሆነ ቁልፍ ሲጫን ዝቅ ብሎ ተንበረከከልኝ። በሕይወቴ ማንም ተንበርክኮልኝ አያውቅምና ልቤ ተነካ። መካኒኬ ጋ ሄጄ ይህን መኪና ልገዛ ነው አልኩት። እጁን ጠረገ፣ ወንበር ሳበልኝ፣ «ቁጭ በል፣ ቡና ልጋብዝህ» አለኝ። በዚህ ሁሉ ዓመት ጋብዞኝ የማያውቅ ሰው ነው። ቡናውን ጠጥቼ መኪናውን ተውኩት።

ነገሩ አንድ ሐሳብ ሰጠኝ። መኪና ሲመረጥ መካኒክ የሚደሰትበትን መሸሽ፣ መካኒክ የሚያዛጋበትን መቅረብ ነው። መካኒኬ ያዛጋው የቶዮታን ባለ 4.7 ሊትር ስምንት ሲሊንደር ሞተር ስጠራለት ነበር። «እሱ ሞተር አይሞትም» አለኝ በቅሬታ። «90 ሺህ ማይል በሞላ ቁጥር ቺንጋውን፣ አብሮም የውሃ ፓምፑን መቀየር ነው። ሌላ ምን ሥራ አለው?» ይህ ሞተር ከሚገኝባቸው ቤቶች ሦስቱን ላንሳ። አንዱ ከ1998 እስከ 2007 የተሸጠው ላንድክሩዘር 100 ነው። ሁለተኛው የእሱ ጌጠኛ ወንድም ሌክሰስ ኤልኤክስ 470 ነው። ሦስተኛው ታናሽየው ጂኤክስ 470 ሲሆን አሜሪካ ውስጥ ከ2003 እስከ 2009 ሞዴል ወጥቷል።

ላንድክሩዘሩ ላይ ብዙም አልደከምኩም። ፈረንጆቹ ራሳቸው አብደውበታል። 200 ሺህ ማይል የነዳውን ሰውዬ ዋጋ ስትጠይቁት የብረቱን ሳይሆን የዝናውን ይነግራችኋል፤ ከላዩ ላይ ድንኳን ጭኖበት ከሆነ ደግሞ የድንኳኑን ዝና ጨምሮ።

በዚህ መሀል አማቴ ከአዲስ አበባ ለጥየቃ መጡ። ምርጫው ከእጄ የወጣው ያን ጊዜ ነው። ሊገዛ የታሰበ መኪና ካለ ሳይቀመጡበት እንደማይሄዱ አስታወቁ፤ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ መቁጠሪያቸውን ይዘው ከፊት ቀደሙ። ስለ ምቾት የጻፉትን ባለሙያዎች ሁሉ አንብቤአለሁ፤ እንደ አማቴ ጉልበት እቅጩን የሚናገር መለኪያ ግን አላየሁም።

ጥቁሩን ኤስካሌድ ከሩቅ ሲያዩት አማተቡና «ማን ሞተ?» አሉ። አራት መቶ ሦስቱም ፈረሶች በዚያው ቀሩ።

ኤልኤክስ 470 ላይ ትንሽ ተስፋ ነበር። ከፍታውን የሚያስተካክለው በዘይት ግፊት ነው፤ ሻጩ ቁልፉን ሲጫን መኪናው በቀላሉ እንዲሳፈሩበት ዝቅ አለ። አማቴ ወደ ኋላ ሸሹና «ምነው ተነፈሰ?» አሉኝ። እኔ ለማስረዳት አፌን ስከፍት አብሮን የመጣው መካኒኬ በጆሮዬ፣ ይህ ዘይት የሚተማመንባቸው ጋዝ የታመቀባቸው ሉሎች እንዳሉ፣ ጋዙ ሲያልቅ መኪናው ድንጋይ ላይ እንደተቀመጡ ያህል እንደሚደርቅ ነገረኝ። በአንድ አፍታ እሳቸውም እሱም አንድ ቦታ ደረሱ፤ እሱ ግን ብዙ ዓመት ተምሮ ነው።

ጂኤክስ 470ውን የሚሸጠው አንድ ጡረተኛ ፈረንጅ ነበር። ካርፋክስ ላይ የመኪናውን ታሪክ አውጥተን አነበብን። መቼ ዘይት እንደተቀየረለት፣ የት እንደተመዘገበ፣ ስንት ጌታ እንደነበረው፣ ሁሉም ተጽፏል። ሽማግሌ ተልኮብን የሙሽራ ዘር ስናጣራ እንኳ ይህን ያህል አናገኝም። መካኒኩ ግን በወረቀት የሚያምን ሰው አይደለም። ሻጩን «ሞተሩን እንዳታስነሳው፣ ቀዝቅዞ ይጠብቀን» ብሎ አስቀድሞ በስልክ አስጠንቅቆታል፤ እንደደረስንም ሰላም ከማለቱ በፊት መዳፉን ኮፈኑ ላይ አሳረፈ። ምክንያቱ ይኸውላችሁ፦ ይህ ሞተር ሲያረጅ ጢሱን የሚሰበስበው ብረት ይሰነጠቃል፤ ሲነሳ ጠቅ ጠቅ ይላል፣ ሲሞቅ ብረቱ ይለጠጥና ዝም ይላል። ብልጥ ሻጭ አሙቆ ይጠብቃችኋል። ይህኛው ቀዝቃዛ ነበር፣ አስነሳነውም፣ ጠቅ አላለም። እንዲያውም ባለቤቴ ከኋላ ሆና «መቼ ነው የምታስነሱት?» አለች፤ ከተነሳ ቆይቷል።

ከዚያ መካኒኩ የእጅ ባትሪውን ይዞ መኪናው ሥር ገባ። በረዶ ሲጥል መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ሻንሲውን ይበላዋል፤ ስምንት ሲሊንደር ይዞ የተበላ ሻንሲ ላይ መቀመጥ ደግሞ ትርፉ ጸሎት ነው። ብረቱን በመዶሻ እየነካካ ሲያዳምጥ ቆየና ወጣ። የመጨረሻው ቺንጋ መቼና በስንት ማይል እንደተቀየረ የሚያሳይ ወረቀት ሞተሩ አጠገብ ተለጥፎ አገኘ። ክሩስኮቱ ላይ ፀሐይ ያወጣችው ስንጥቅ ነበረ። «ይሄ የሁሉም በሽታ ነው፣ አይገድልም» ብሎ አለፈው። ኋላ ያሉት የአየር ከረጢቶችም አልተነፈሱም ነበር። ይህን ሁሉ ሲናገር ያዛጋ ስለነበር ደስ አለኝ።

አማቴ መሀል ወንበር ላይ ተቀምጠው አንድ ዙር ነዳን። 495 አውራ ጎዳና ላይ ስንወጣ መቁጠሪያቸውን ሲጀምሩ ሰማሁና የፈሩ መስሎኝ ቀስ አልኩ። ወዲያው መቁጠሪያው ቆመ። በመስታወት ሳያቸው አንገታቸው ዘንበል ብሏል፤ አንኮራፍተዋል። ሚዛኑ ተመዘነ።

አንድ ጠባይ አለው፤ የኋላ በሩ ወደ ላይ አይነሳም። እንደ ቤት በር ወደ ጎን ይከፈታል፣ ያውም ወደ እግረኛ መንገዱ ዞሮ መንገድ ይዘጋል። ከኋላችሁ ሰው ተጠግቶ ካቆመ ዕቃችሁ እስረኛ ነው። ነገር ግን መስታወቱ ለብቻው ወደ ላይ ይከፈታል፣ ባለ 25 ፓውንድ የጤፍ ከረጢትም በመስኮት ገብቶ በመስኮት ይወጣል። ባለቤቴ ይህን ስታይ የመጀመሪያውን በጎ ቃል ተናገረች፤ «ለጤፉ ደህና ነው።»

ዋጋ ላይ አማቴ እንግሊዝኛ አያስፈልጋቸውም። ሰውዬው የመጨረሻ ያለውን ሲናገር ከመኪናው ወረዱ፣ ነጠላቸውን መለስ አደረጉ፣ «ተነሱ እንሂድ፣ ይሄ ሰው መሸጥ አልፈለገም» ብለው መንገድ ጀመሩ። ሰውዬው ግራ ገብቶት አሮጊቷ ምን እንደሆኑ ጠየቀኝ። ተቀይመዋል አልኩት፣ ውሸት አይደለም። 500 ዶላር ቀነሰ። መርካቶ ውስጥ ይህ ገና የመጀመሪያው ጥሪ ነበር፤ አማቴ እስከ ዛሬ ሁለተኛው ሳይጠራን ተመለስን ብለው ይቆጫሉ።

ጓደኞቼ ሲመርቁ አንዱ «ኋላ አገር ቤት ትልከዋለህ» አለኝ። ወሬው ዘመን አልፎበታል። በ2020 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያረጁትን ትልልቅ ሞተሮች እስከ 500 በመቶ ድረስ ነበር የጠበቃቸው፤ ከ2024 ወዲህ ደግሞ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄድ የግል መኪና ማስገባትን ከልክሎ በኤሌክትሪክ የሚሄደውን ይዟል። ቶዮታ ራሱ ልቡን ቀይሯል። በ2021 የመጣው ላንድክሩዘር 300 ስድስት ሲሊንደር ነው፣ የ2024ቱ ጂኤክስም እንዲሁ። ይህን ለባለቤቴ የነገርኳት ብርቅ ነገር ገዛን ለማለት ነበር። እሷ የሰማችው ፋብሪካው እንኳ እንደነቃ ነው።

የዚያን ማታ አማቴ ስልካቸውን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርገው አዲስ አበባ ደወሉ። ከታላቅ እህታቸው ጋር ስለ ጤናው፣ ስለ ጤፉ ዋጋ፣ ስለ ጎረቤት ልቅሶ ተነጋገሩ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ዝቅታውም ሳሎኑን እየሞላ፣ «የልጄ ባል ቪኤይት ይዟል» አሉ።

ወዲያ ማዶ እልልታ ተሰማ። ሲሊንደሩ ስምንት ስለሆነ ማረሚያ የሚሻ ነገር አልነበረውም፤ እኔም ወገቤን ደግፌ ዝም አልኩ።

«ተመስገን! የትኛው መሥሪያ ቤት ነው የሰጠው?»

«ኧረ ገዝቶ ነው።»

«ገዝቶ?» አሉ እህታቸው፣ ነገሩ እየደበዘዘባቸው። «ሹፌሩስ?»

አማቴ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ራሱ ነው የሚነዳው።»

መስመሩ የተቋረጠ እስኪመስል ጸጥ አለ።

«አይዞሽ» አሉ በመጨረሻ፣ ሐዘንተኛ በሚያጽናኑበት ድምፅ፤ «ቀስ እያሉ ሹፌርም ይመድቡለታል።»