ሐተታ በእንተ ዕረፍተ ክረምት

የቀደሙት ሊቃውንት ስለ ፀሐይና ስለ ጨረቃ ዑደት፣ ስለ ባሕረ ሐሳብና ስለ አጽዋማት አወጣጥ ብዙ ደክመው፣ ሥርዐቱንም አሟልተው ሲያቆዩልን፣ ዕድሜያቸው ከ13 እስከ 17 ዓመት የሆነ ሦስት ልጆችን ይዞ ወደ ታላቅ ከተማ የሚወጣ አባወራ ቀኑን እንዴት አድርጎ እንደሚያከፋፍል ግን አንዲት መስመር እንኳ ሳይጽፉ ማለፋቸው ያስደንቃል። ምናልባት ነገሩ ከሰው አእምሮ በላይ መሆኑን ተረድተው በትሕትና ዝም ብለው ይሆናል፤ ምናልባትም በዘመናቸው የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ «ወዴት መሄድ ትፈልጋለህ?» ተብሎ ስለማይጠየቅ ችግሩ ገና አልተወለደ ይሆናል። የሆነ ሆኖ ይህ ሐተታ ያንን ጕድለት በመጠኑ ለመሙላት የተነሣ ሲሆን፣ ለምርመራ የተመረጠውም በነሐሴ ወር ከሐዋሳ ወደ አዲስ አበባ የወጣ፣ በኑሮውም በጠባዩም መካከለኛ የሆነ አንድ ቤተሰብ ነው።

አስቀድሞ ስለ ዘመኑ። ትምህርት ቤቶቻችን የሚዘጉት በክረምት ስለ ሆነ፣ ቤተሰብ አዲስ አበባን ለማየት ነፃ የሚሆነው አዲስ አበባ በዝናብና በጉም ተሸፍና በማትታይበት ወራት ነው። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል፣ አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብለው የሚገኙ ሲሆኑ፣ ይህ ልዩነት በእናት ሒሳብ ለያንዳንዱ ሰው ሁለት ሹራብ፣ በልጆች ሒሳብ ግን አንድ ካናቴራ መሆኑ ሻንጣው በተከፈተ ጊዜ ተረጋግጧል። በዚህም ላይ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ቀን ጾመ ፍልሰታ በመሆኑ፣ የመብል ነገር አስቀድሞ በቀኖና ተወስኖ ለክርክር አልቀረበም፤ ታናሺቱ «የጾም ፒዛ እኮ አለ» ስትል የሰጠችው አስተያየት ተመዝግቦ ከመቅረቱ በቀር፣ ከዕቅዱ ሁሉ ያለ ተቃውሞ ያለፈው አንቀጽ ይህ ብቻ ነው።

ወደ ልጆቹ ስንመለስ፣ ሦስቱም ከአንድ አባትና ከአንዲት እናት ተወልደው፣ ከአንድ ትሪ በልተው ያደጉ ቢሆኑም፣ በባሕርይ አንድ ሲሆኑ በፈቃድ ሦስት ሆነው ተገኝተዋል። የ17 ዓመቷ ታላቂቱ ሥዕል ወዳድ በመሆኗ፣ ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ለአፍሪካ አዳራሽ የሠሩትን፣ የአፍሪካን ያለፈውን፣ የአሁኑንና የወደፊቱን ዘመን የሚያሳየውንና 150 ካሬ ሜትር ያህል ስፋት ያለውን የመስታወት ሥዕል ለማየት ትመኝ ነበር፤ ምኞቷም ከቤተሰቡ ማንም አጠገቧ እንዳይደርስ በሚል ጥብቅ ሁኔታ የታጠረ ነበር። የ15 ዓመቱ ልጅ እግር ኳስ አፍቃሪ ሲሆን፣ በነሐሴ የአገራችን ሊግ ያረፈ፣ የእንግሊዝ ሊግ ግን የሚጀመር በመሆኑ፣ የፈለገው በአዲስ አበባ ዲኤስቲቪ ቤት ገብቶ አርሰናልን ማየት ነበር። ይህንኑ ቡድን በሐዋሳ ከቤታቸው ሁለት ቤት አልፎ በየሳምንቱ ሲያየው የኖረ መሆኑ በተነገረው ጊዜ፣ «የአዲስ አበባው ስክሪን ይበልጣል» ሲል መልሷል፤ መልሱም ሊስተባበል አልቻለም። የ13 ዓመቷ ታናሺቱ ደግሞ ከተማን ጀርባዋን ሰጥታ የምትጎበኝ ስትሆን፣ ለእርሷ ሥፍራ የሚመዘነው በታሪኩ ሳይሆን ከትከሻዋ በላይ በሚታየው መልኩ ነው፤ በዚህም መመዘኛ በ2013 ዓ.ም. የተከፈተውን የእንጦጦ ፓርክ ከሁሉ አስቀድማለች፤ በነሐሴ ከዚያ ተራራ ላይ የሚታየው ጉም ብቻ መሆኑን ልብ አላለችም።

አባትየው በበኩሉ አንድ ነገር ብቻ ያውቅ ነበር፤ እርሱም ብሔራዊ ሙዚየም ነው። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. በአፋር ምድር፣ በሐዳር የተገኘችውን፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላትን ድንቅነሽን ሳያሳይ ልጆቹን አዲስ አበባ አደረስኳቸው ማለት ለእርሱ ነውር ነበር። ወንድ ልጁም ስልኩን ጠቅ ጠቅ አድርጎ፣ «አባዬ፣ ለሕዝብ የሚታየው እኮ ቅጂው ነው፤ ዋናው አጥንት ተቆልፎበታል» አለ፤ ነገሩም እውነት ነበር። አባት በልጁ ፊት የሚሸነፍበት መንገድ ብዙ ነው፤ በእውነት መሸነፍ ግን ከሁሉ ይከፋል።

ጉባኤው የተሰየመው ገና በሐዋሳ ሳሉ፣ ከእራት በኋላ ሲሆን፣ ሰብሳቢው አባትየው፣ ጸሐፊውም እርሱው ነበር፤ እናትየው ስልክ በጆሮዋ ይዛ በማእድ ቤትና በሳሎን መካከል ስለምትመላለስ በታዛቢነት ተቆጥራለች። ሙዚየሙ ለድምፅ በቀረበ ጊዜ ሦስቱ ልጆች በአንድ ቃል አወገዙት። እናትየው አልፋ ስትሄድ «እንጦጦስ ይሁንላችሁ?» ብትል፣ ታላቂቱ ቃል ሳትመልስ ትከሻዋን ሰበቀች። ይህን ስበቃ አበው በአንድምታ እንደሚያራቅቁት ብናራቅቀው፦ እፈልጋለሁ ስትል ነው፤ ፈለገች መባሉ ግን ያሳፍራታልና። አንድም፣ አልፈልግም ስትል ነው፤ እንቢ ማለት ግን ምክንያት ያስጠይቃልና። አንድም፣ ጥያቄውን አልሰማችም፤ በጆሮዋ ማዳመጫ ነበረና። አንድም፣ ወንድሟ ከኋላ ነክቷት ነው። አባትየውም ከአራቱ ትርጓሜ የትኛው እንደሚረታ ባለማወቁ፣ በቃለ ጉባኤው ላይ «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» ብሎ ጻፈ።

ከዚህ የተወለደው ዕቅድ በሠንጠረዥ የተሰናዳ፣ በቀይና በሰማያዊ ቀለም የተለየ ሲሆን፣ ዋና ሕጉም ለያንዳንዱ ልጅ ግማሽ ቀን እንዲደርሰው፣ የቀሩት ግን ፊታቸውን ሳያጨፈግጉ እንዲያጅቡት ያዛል። ወንድ ልጁ «የእኔ ፊት ድሮም እንዲህ ነው» ሲል ያቀረበው አቤቱታ ተቀባይነት አግኝቷል። አዲስ አበባ በደረሱ ጊዜ ግን በስልክ የተጠራው ታክሲ ቪትዝ ሆኖ መጣና ሹፌሩ «ከአራት ሰው በላይ አልጭንም» ስላለ፣ በጉባኤው «እኔ ልጅ አይደለሁም» ብላ ያስመዘገበችው ታናሺቱ፣ ከብዙ ልመና በኋላ በእናቷ ጭን ላይ ተጭና ወደ ከተማይቱ ገባች።

እስከዚህ ድረስ የተነገረው ሁሉ ሥልጣን የሌላቸው ሰዎች ክርክር ነበር። ጉባኤው ሙዚየምና እንጦጦ እያለ ሲከራከር፣ እናትየው በዚያች ስልክ ዕረፍቱን በሙሉ ከፋፍላ ጨርሳው ነበርና። ዘመድ እያለ ሆቴል ማደር ዘመድን እንደ መሳደብ ስለሚቆጠር መኝታው በሰሚት፣ በአክስት ቤት ሆነ፤ የቀሩትም ዘመዶች በሽሮ ሜዳ፣ በጀሞና በአስኮ የሚኖሩ በመሆናቸው የከተማይቱ አራት ማዕዘናት በሥጋ ዝምድና ተይዘው ተገኙ። ወራቱ ፍልሰታ ነውና የጠሯቸው ሁሉ የጠሩት «ከቅዳሴ በኋላ» ብለው ነው፤ ይኸውም ዘጠኝ ሰዓት ማለት ነው። ልጆቹ ከአራት ሰዓት በፊት የማይነሡ፣ መንገዱም ሁለት ሰዓት የሚበላ ስለ ሆነ፣ ለአፍሪካ አዳራሽ፣ ለእንጦጦና ለቀረው ሁሉ የተረፈው ጊዜ ለቀላል ስሌት እንኳ የሚበቃ አይደለም።

በሽሮ ሜዳው ቤት የታየውን ብቻ እንጥቀስ። የቤቱ እመቤት ገና በሩን ሲከፍቱ «ውይ! ያ ትንሹ ይኸ ነው? አባቱን ቁርጥ!» ብለው የልጁን ጉንጭ አገላብጠው ሳሙ፤ ተቀምጦ ሳይደላደልም የሱፍ ፍትፍት ጠቅልለው «አፈር ስሆን!» አሉት፤ «አንድማ ያጣላል» ብለው ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን ደግሞ ምክንያት ሳይሰጡ አጎረሱት። የአርሰናል ጨዋታ 11 ሰዓት ላይ ሲጀመር ቡናው ገና ይቆላ ነበር፤ ሲያበቃ ቶና ላይ ተደርሷል፤ ከበረካ በፊት መነሣት ደግሞ በረከትን ረግጦ መውጣት ስለ ሆነ ማንም አልሞከረውም። ልጁ ውጤቱን የሰማው ከታክሲው ሬዲዮ ነው።

የዚህ ምርመራ ፍሬ የተገኘው በመጨረሻው ቀን ነው። እናትየው ሹራቧን እየደረበች «የአስኮዋ ቀርታለች፤ የእናቴ የክርስትና እናት ልጅ እኮ ናት፤ ብንቀር ትቀየማለች» ባለች ጊዜ፣ ከመካከላቸው ማን እንደ ቀደመ የምስክሮች ቃል ቢለያይም፣ «ብሔራዊ ሙዚየምን ሳናይ እንዴት እንመለሳለን?» የሚል ድምፅ ከሦስቱ ልጆች በአንድነት ተሰማ። ሄዱም። ታላቂቱ ከላይኛው ፎቅ የሠዓሊዎቻችንን ሥራዎች አግኝታ ከዚያ አልወርድ አለች፤ ታናሺቱ ከ3.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት ለኖረች ፍጡር ጀርባዋን ሰጥታ ፎቶ ተነሣች፤ ቅጂ ነው ብሎ የተከራከረው ልጅም ከመስታወቱ ፊት ቆሞ ቁመቷን ከእኅቱ ቁመት ጋር ሲያስተያይ ዘበኛው «ሰዓት ደርሷል» እስኪል ቆየ። ሰው የሚወደውን የሚያውቀው ከሚሸሸው ነገር በኋላ ነው፤ ስለዚህም ልዩ ልዩ ፈቃድ ያላቸውን ልጆች ለማስማማት የሚሻ ወላጅ የጋራ ፍላጎት በመፈለግ አይድከም፤ በጋራ የሚሸሹትን ያዘጋጅላቸው እንጂ። የዚህ ሐተታ ጸሐፊ ኋላ ባደረገው ማጣራት፣ ለአስኮዋ ዘመድ እንግዳ ይመጣል ብሎ የደወለላቸው ሰው አለመኖሩን ከራሳቸው አፍ ሰምቷል።

ከዚህ የሚወጣው ቀኖና አጭር ነው። ልጅ ወዴት መሄድ እንደሚፈልግ አይጠየቅ። በከተማይቱ ዳርቻ የምትኖር፣ ስሟ የሚጠራ፣ ቤቷ ግን የማይኬድባት አንዲት ዘመድ በተጠባባቂነት ትያዝ። አባትም ዕቅዱን በመልካም ወረቀት፣ በሁለት ቀለም ይጻፍ፤ ነገሩ በስልክ እስኪያልቅ ድረስ አንድ ሥራ ሊኖረው ይገባልና።