የባሕረ ሐሳብ ክርስቲያን

ከመካነ ሰላም እስከ አምባ መቅደላ በተዘረጋው ደጋ የሚኖር አንድ ምእመን አለ፤ በየመንደሩ የሚገኝ ስለ ሆነ ስሙን አልጠራም፤ አንባቢ በወንዙ ልጅ ስም ይጥራው። እኔ ግን ሃይማኖቱን ያለ ንፍገት ላወድስ ብዕሬን ቀርጫለሁ። ይህ ሰው ሊቃውንት በአበቅቴና በመጥቅዕ ቀምረው ያስረከቡንን የአጽዋማትና የበዓላት ሥርዓት በጣቱ አንጓ እየቆጠረ፣ የነነዌን 3 ቀን፣ የፍልሰታን 16 ቀን፣ የዐቢይ ጾምን 55 ቀን ጠብቆ፣ ረቡዕና ዓርብንም ሳያፋልስ የሚኖር ነው፤ ሁዳዴ በስንት እንደሚገባ ከደብሩ መሪጌታ ቀድሞ ይናገራል። ቅቤ የነካው ጭልፋ በጾም ወጥ ውስጥ የገባ እንደ ሆነ ወጡን ለውሻ ያስደፋል። (በዚያ ቤት ካሉት ነፍሳት ሁሉ ጠግቦ የሚያድረው ውሻው ነው።)

የቁናውን ነገር ካልተናገርሁ ግን ውዳሴዬ ጎደሎ ይሆናል። ሁለት ቁና አለው። የሚያበድርበት ከውስጥ በእበት ደጋግሞ የተለሰነና የወፈረ በመሆኑ ከውጭ ሲያዩት ትልቅ፣ ሲሰፍሩበት ትንሽ ነው፤ ሰፍሮም አፉን በመዳፉ ይጠርገዋል። ብድሩን የሚቀበልበት ግን አዲስ ስፌት ነው፤ ገብሱ እስኪቆለል ድረስ ይሰፈራል፤ ሦስት ጊዜ ይነቀነቃል፤ እንደገናም ይቆለላል። ባለፈው ነሐሴ፣ ጎተራ በሚራቆትበትና ፍልሰታ በገባበት ሳምንት፣ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ከደጁ ቆማ «ጌታው፣ ልጆቼ ሁለት ሌሊት ባዶ ሆዳቸውን አደሩ» ስትለው፣ እርሱ ከቅዳሴ ገና መመለሱ ነበርና ነጠላውን መስቀለኛ እንዳጣፋ በለሆሳስ መለሰላት፤ «እቴ፣ ይህ ሱባዔ ነው፤ በሱባዔ የወለድ ወሬ ከአፌ አይወጣም። አንድ ቁና ውሰጂ፤ በጾመ ነቢያት ሁለት ታመጪያለሽ።» አራጣ በቤተ ክርስቲያን ሕግ የተከለከለ መሆኑን ስለሚያውቅ፣ ቃሉን ለመጥራት እንኳ እንዲህ የሚጸየፍ ሰው ከየት ይገኛል?

እንዳለውም ኅዳር 15 ጾሙ ሲገባ፣ ሴቲቱ ከአውድማዋ ያነሣችውን ገብስ በጀርባዋ አዝላ መጣች፤ በአዲሱም ቁና ተሰፈረላት፣ ማለት ተሰፈረባት። ጾሙ ከተሰየመላቸው ነቢያት አንዱ፣ የቴቁሔው አሞጽ፣ መስፈሪያ ስለሚያሳንሱ ነጋዴዎች አጥብቆ መናገሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን ባልንጀራችን ነቢያትን የሚጾምላቸው እንጂ የሚሰማቸው አይደለም። ፍትሐ ነገሥትም በ14ኛው አንቀጽ ስለ ጸሎት፣ በ15ኛው ስለ ጾም፣ በ16ኛው ስለ ምጽዋት ይደነግጋል፤ በእርሱ ዘንድ ያለው ቅጂ ግን ከ15ኛው ላይ የተቀደደ ይመስለኛል።

ይህን ጥበብ እርሱ የፈለሰፈው እንዳይመስላችሁ። አምባ መቅደላ ራሱ ጥንታዊ ምስክር ነው። ዐፄ ቴዎድሮስን እንደ ማናቸውም ኢትዮጵያዊ እወዳቸዋለሁ፤ ስለዚህ የምጽፈው እያዘንሁ ነው። ለመቅደላ መድኃኔ ዓለም ታቦታትንና የብራና መጻሕፍትን ከየአገሩ ያሰባሰቡት ንጉሠ ነገሥት፣ ሚያዝያ 2 ቀን 1860 ዓ.ም. እንጀራና ውሃ ብለው የጮኹ እስረኞችን ገደሉ፤ ብዙዎቹም ከእስላምጌ ገደል ተወረወሩ። ዕለቱ ጸሎተ ሐሙስ፣ ካህናት የምእመናንን እግር የሚያጥቡበት ቀን ነበር። በማግሥቱ፣ በስቅለት፣ የእንግሊዙ የጄኔራል ናፒየር ጦር በአሮጌ ሜዳ 700 ያህል የአገራችንን ሰዎች ጣለ። እሑድ፣ በትንሣኤ፣ ንጉሡ ለጄኔራሉ የፋሲካ ላምና በግ ላኩ። ሰኞ፣ በማዕዶት፣ አምባው ተሰበረ፤ ንጉሡም ሽጉጣቸውን ጠጡ። ከዚያ በኋላ የተዘረፈው ንዋየ ቅድሳት በደላንታ ሜዳ ለሁለት ቀን በሐራጅ ተሸጠ። በዚያ ሰሙነ ሕማማት ከሁለቱም ወገን ባሕረ ሐሳቡን የተሳሳተ አልነበረም፤ የእነርሱና የእኛ ፋሲካ በዚያ ዓመት በአንድ ቀን ውሎ ነበርና፣ ክርስቲያኖች እንደዚያ በአንድ ልብ ያከበሩት በዓል ጥቂት ነው። ዛሬም ለንደን በሚገኘው የብሪታንያ ሙዚየም 11 ታቦታት ለክብራቸው ሲባል ማንም እንዳያያቸው ተቆልፎባቸው ይኖራሉ፤ ለታቦት እንዲህ የሚጠነቀቅ ወራሽ ስለ ተገኘ ደስ ሊለን ይገባል።

ወደ ባልንጀራችን ልመለስ። ጥር 12 ቀን የሚካኤልን ዝክር ደገሰ። ጠላው ተጠመቀ፤ ድፎው ዳቦ ተቆረሰ፤ የነፍስ አባቱ ከመደቡ ራስ ተቀመጡ፤ የተጠሩትም ሁሉ በየተራቸው እርሱን መልሰው የሚጠሩ ማኅበርተኞች ነበሩ። ያች ገብስ የመለሰችው ሴት ከአጥሩ ውጭ ከነልጆቿ ተቀምጣ «ስለ ሚካኤል» አለች። እርሱም በመስኮት ብቅ ብሎ፣ በአገራችን ለማኝ ለመመለስ ከተፈጠሩት ቃላት ሁሉ የሚያምረውን፣ ዕዳውን ከባለጸጋው ትከሻ አንሥቶ በፈጣሪ ላይ የሚጭነውን ቃል ተናገረ፤ «እግዜር ይስጥሽ።» ከዚያም ወደ እንግዶቹ ዞሮ፣ ዘንድሮ ጾመ ነነዌ የሚገባበትን ቀን በጣቱ ቆጥሮ ነገራቸው።

አልተሳሳተም።