ስፖርት መኪና በፈረስ መጋላ

ሐረር ስፖርት መኪና የላትም የሚል ሰው የፈረስ መጋላን አደባባይ ያየው በአውቶቡስ መስኮት መሆን አለበት። ወርዶ ቢሆን ኖሮ፣ ባጃጅ እንደ አሸን ፈልቶ ቦታቸውን ቢያጣብብም፣ ከብዙዎቹ ሾፌሮቻቸው በዕድሜ የሚበልጡትን ፔዦ 404ዎች አይስታቸውም ነበር። «አሮጌ ታክሲ» ብሎ የሚያልፋቸው አይጠፋም። ባለፔዦው ግን ይህን ስድብ አይውጥም፤ ማስረጃ አለው።

መኪናው እ.ኤ.አ. በ1960 ሲወጣ መልኩን የነደፈለት ፒኒንፋሪና ነው፤ ለፌራሪ ሲነድፍ የኖረው ያው የጣሊያን ቤት። ሞተሩ 45 ዲግሪ ያህል ተጋድሞ የተቀመጠው ኮፈኑ ዝቅ እንዲል ተብሎ ነው። በ1965 ኩባንያው ከ404 ባለአንድ መቀመጫ የናፍጣ መኪና ሠርቶ ፈረንሳይ አገር ሞንሌሪ በሚባለው መሮጫ 40 ክብረ ወሰን ሰብሮበታል። ትልቁ ማስረጃ ግን ያለው ጎረቤት ኬንያ ነው። የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊን 404 በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 አሸንፏል። በ1963 ከተነሡት 84 መኪኖች መጨረሻውን ያዩት 7 ብቻ ነበሩ። በ1968 ደግሞ ጭቃው 93 መኪና ተቀብሎ የመለሰው ያንኑ 7 ነው። በሁለቱም ዓመታት አንደኛ የወጡት ኒክ ኖዊኪ እና ፓዲ ክሊፍ ሲሆኑ የነዱትም 404 ነበር። እዚያ ጭቃ ውስጥ ፌራሪ ቢገባ ምን ይሆን እንደነበር ባለፔዦው ሲናገር ፊቱ ላይ ሐዘኔታ ይነበባል።

የሐረሩ ራሊ ጭቃ የለውም፤ ያለው ግድግዳ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር የጀጎልን ግንብ ሲያሠሩ የታሰበው ለጠላት እንጂ ለፓርኪንግ አይደለም። ከ360 በላይ ከሚሆኑት የውስጥ መንገዶች አብዛኞቹ የተለኩት በተጫነ አህያ ነው። ልብ ያለው ሾፌር ከሐረር በር እስከ ፈረስ መጋላ በሚወስደው ሰፊ መንገድ ይወሰናል። ልብ የሌለው ትንሽ ይገፋና የሰው ቤት ይልሳል። ጀጎል እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የተመዘገበ የዓለም ቅርስ ስለሆነ፣ በዚህ ግጭት ዋናው ተጎጂ ማን እንደሆነ ጥያቄ የለውም። መካድም አይቻልም፤ ለረመዳን የተቀባው የግድግዳ ቀለም ፓራፋንጎው ላይ ተለጥፎ ይመሰክራል።

ግጭቱ ከባጃጅ ጋር ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ባለፔዦው አደባባዩ ዳር ቆሞ ሰው እየጠበቀ ነው እንበል። ባጃጁ ከየት መጣ ሳይባል ግንባሩን የፔዦው መብራት ላይ ይተክላል።

«አቦ! አይታይህም እንዴ?»

«አንተ እኮ ነህ የቆምከው ጋሼ!»

«የቆመ ይገጫል?»

«የሚሄድማ መች ይደረስበታል!»

(ሐረር ላይ አንቱታ አይበዛም፤ ማንም ደግሞ ተናቅሁ ብሎ አይቀየምም።) ትራፊክ ከመድረሱ በፊት ሽማግሌ ይደርሳል፤ ከሽማግሌው በፊት ደግሞ ሁሉን አየሁ የሚል፣ ምንም ያላየ ወጣት። ጀጎል ውስጥ የዕርቅ መንገድ የሚባል እጅግ ጠባብ መተላለፊያ አለ። የተኳረፉ ሰዎች እዚያ ፊት ለፊት ሲገናኙ ሳይነጋገሩ መተላለፍ ስለማይችሉ ይታረቃሉ ብለው አስጎብኚዎች ይናገራሉ። ለሁለት ሾፌሮች ግን መንገዱ አይጠቅምም፤ መኪናቸውን ይዘው አይገቡበትም። ስለዚህ ዕርቁ እዚያው ፀሐይ ላይ፣ የበርጫ ሰዓት ሳይደርስ መጠናቀቅ አለበት። ውሉ አብዛኛውን ጊዜ ቀላል ነው፦ ባለባጃጁ የእጅ ዋጋውን ይከፍላል፤ ባለፔዦው መብራቱን ፈልጎ ያመጣል።

ኢንሹራንስስ? በ2005 ዓ.ም. የወጣው የሦስተኛ ወገን አዋጅ ለንብረት ጉዳት እስከ 100,000 ብር፣ ለሞተ ሰው ደግሞ ቢበዛ 40,000 ብር ነበር ያስቀመጠው። በዚያ ሒሳብ ከሰው ይልቅ መኪና ሆኖ መገጨት ሳያዋጣ አይቀርም ነበር።

ኢንሹራንስ ሲነሣ ሚስተር ቢንን መዝለል አይቻልም። ተዋናዩ ሮዋን አትኪንሰን እ.ኤ.አ. በ2011 እንግሊዝ ውስጥ ማክላረን ኤፍ 1 መኪናውን ከዛፍና ከመብራት ምሰሶ ጋር አላተመው። በዓለም ላይ 106 ብቻ ከተሠሩት አንዱ ነበር። ጥገናው ከዓመት በላይ ፈጀ፤ ኢንሹራንሱ የከፈለው 910,000 ፓውንድ በጊዜው በእንግሊዝ አገር ለመኪና ጥገና ከተከፈለው ሁሉ የሚበልጥ ነበር። የመኪናው አካል ካርቦን ፋይበር ስለሆነ መዶሻ አያውቅም። የሞተሩ ክፍል ደግሞ ሙቀት እንዳይዘልቀው በወርቅ ተለብጧል። ሐረር ቢሆን ያ ወርቅ ለሙሽራ ይውል ነበር።

የፔዦው አካል ላሜራ ነው፤ ላሜራ ደግሞ ይቅር ባይ ነው። ባትላሜራው መጀመሪያ ዞር ዞር ብሎ ያየዋል፤ እንደ ሐኪም ጣቱን እየሰደደ እብጠቱን ይዳብሳል። ከዚያ አንዱን ብረት ከኋላ ደግፎ ከፊት በመዶሻ ኳ፣ ኳ ያደርጋል። መሐሉን መምታት የጀማሪ ሥራ ነው፤ አዋቂው ከጉድጓዱ ዳር ጀምሮ እያባበለ ወደ መሐል ይገባል። በግጭቱ የተለጠጠ ቦታ ካለ በእሳት ያቀላውና እርጥብ ጨርቅ ያሳርፍበታል፤ ብረቱ ጭስስ ብሎ ይሰበሰባል። የበሰበሰው ተቆርጦ አዲስ ላሜራ ይበየድበታል። በመጨረሻ ስቱኮ ይለቀለቅና በብርጭቆ ወረቀት ይፈተጋል። ስቱኮ ጥሩ ነገር ነው፤ አንዳንድ ፔዦ ላይ ግን ከብረቱ ሳይበልጥ አልቀረም። ወንበር ከተቀደደም መኪና ግርግር፣ የልብስ ሰፊዎቹ መንገድ፣ ቅርብ ነው።

ጣጣው መብራቱና ፓራውልቱ ነው። ፈረንሳይ የ404 አውቶሞቢልን መሥራት ያቆመችው እ.ኤ.አ. በ1975 ስለሆነ መለዋወጫው የሚገኘው ከሞቱት ነው። አንድ ፔዦ «ሞተ» ሲባል ባለፔዦዎቹ ያዝናሉ፤ ከዚያ በሩ የማን፣ ራዲያተሩ የማን እንደሚሆን ይነጋገራሉ። የአንዱ ኮፈን የሌላውን ፊት ሲሸፍን ሦስተኛው በር ከየት እንደመጣ ባለቤቱም ይረሳዋል። ከ2016 ዓ.ም. ጥር ወዲህ መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል እንዳይገባ ስለከለከለ ደግሞ ባለፔዦው አዲስ ተተኪ ልግዛ ቢል ምርጫው የኤሌክትሪክ ነው። እሱን ባትላሜራ ጋ ማን ይወስደዋል? ወለሉ ሙሉ ባትሪ ነው፤ እሳት ይዞ የሚጠጋው ጀግና ገና አልተገኘም።

እና ፔዦው ይነሣል። መብራቱ በስተግራ ትንሽ ወደ ሰማይ ያያል፤ በሩ በክንድ ሳይሆን በትከሻ ይዘጋል። ባለቤቱ የቀረውን ግራጫ ስቱኮ እንዳለ ትቶ በማግስቱ ፈረስ መጋላ ላይ ተሰልፏል። «ጋሼ፣ ቀለሙስ?» ይለዋል ያው የባጃጁ ልጅ። «ቦሎ ሲደርስ» ይላል ባለፔዦው፤ «አንተ እያለህ አሁን ቀብቼ ምን ላድርግ?»